ሁለት ቀለም ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ ለምን ያሳስታል፦ ስለ ፈዛዛ ቢጫና ጥቁር ሰማያዊ ግድግዳ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ለመኖሪያ ክፍል ግድግዳ ከፈዛዛ ቢጫና ከጥቁር ሰማያዊ የትኛው እንደሚሻል ያነጻጽራል። ጸሐፊው ሁለቱን ቀለሞች በአንድ ሥዕል ላይ ጎን ለጎን ካሳዩ በኋላ ቢጫው በሁሉም ረገድ ይበልጣል ከሚል ድምዳሜ ደርሰዋል። ለዚህም ሰባት ነጥቦች ያቀርባሉ፦ ቢጫ ሙቅ፣ ሰማያዊ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ቢጫ ክፍሉን ያበራል፤ ጥቁር ቀለም ክፍልን ያጠባል፤ ቢጫ ደስታን፣ ሰማያዊ ትካዜን ያመጣል፤ ለመወሰን የቀለም ካታሎግ በቂ ነው፤ መምረጥ ያቃተው ሰው ግድግዳዎቹን ለሁለቱ ቀለሞች እኩል ያካፍል፤ ምርጫው ካላማረም መልሶ መቀባት ቀላል ነው። ምክሩ በቅን ልቡና የቀረበ ነው፤ ብዙ ሰውም አምኖት ሥራ እንደሚጀምር ስለምገምት ነጥቦቹን አንድ በአንድ እየተከተልኩ መልስ መስጠት ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ከቢጫ ጋር ጠብ የለኝም፤ በሁለቱም ቀለሞች ውስጥ ለዓመታት ኖሬአለሁ። የምቃወመው የንጽጽሩን መንገድ ነው። ሁለት ተቃራኒ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ የሌላውን መልክ ይለውጣል፤ ዓይናችን ቀለምን የሚያየው ለብቻው ነጥሎ ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር እያመዛዘነ ነውና። በጸሐፊው ሥዕል ላይ ቢጫው ያን ያህል የፈካው ጥቁር ሰማያዊው አጠገቡ ስላለ ነው፤ ሰማያዊውም ያን ያህል የጠቆረው በቢጫው ምክንያት ነው። ክፍሉ ሲቀባ ግን ግድግዳው ላይ የሚቀረው አንዱ ብቻ ነው። ያልተመረጠው ቀለም ቆርቆሮው ውስጥ ስለሚቀር፣ የተመረጠውን ሲያሳምር የነበረው ተቃርኖም አብሮት ይቀራል። ጸሐፊው በሰባቱ ነጥቦች ላይ የሳቱት አብዛኛው ነገር ከዚህ አንድ ስሕተት የሚመነጭ ይመስለኛል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚሼል ኤዠን ሸቭረል እ.ኤ.አ. በ1824 በፓሪስ የጎብላን የምንጣፍና የግድግዳ ጌጥ ሽመና ድርጅት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ በተሾመ ጊዜ፣ በሽመናው ውስጥ የገባው ጥቁር ክር ጥቁረት ይጎድለዋል የሚል ቅሬታ ይደርሰው ነበር። ክሩን መርምሮ በማቅለሚያው ላይ ጉድለት አላገኘም። ነገሩ የዓይን ነበር፤ ጥቁሩ ክር ከሰማያዊና ከሐምራዊ ክሮች አጠገብ ሲሸመን የእነርሱ ተቃራኒ የሆነው ቢጫማ ጥላ ስለሚያርፍበት የደበዘዘ ይመስላል። ሸቭረል ይህን ሥርዓት አጥንቶ በ1839 በመጽሐፍ አወጣው። ቢጫና ሰማያዊ ደግሞ እርስ በርሳቸው ከሚገፋፉት ቀለሞች ዋነኞቹ ናቸው፤ በዚያ ላይ አንዱ ፈዛዛ ሌላው ጥቁር ሲሆን የብርሃንና የጥላ ተቃርኖው ይደረብበታል። ስለዚህ ለማወዳደር ከሚቸግሩ ጥንዶች መካከል ጸሐፊው እጅግ አስቸጋሪውን መርጠው በጣም ቀላል በሆነው መንገድ ፈርደውበታል ማለት ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ቢጫ ሙቅ፣ ሰማያዊ ቀዝቃዛ ነው የሚለው አባባል ለንግግር ይመቻል እንጂ የክፍልን ባሕርይ አይወስንም። ወደ አረንጓዴ የሚያዘነብል ቢጫ አለ፤ እርሱ ሙቅ ተብሎ የሚጠራ አይደለም። ወደ ሐምራዊ የሚያዘነብል ሰማያዊም አለ፤ እርሱ ደግሞ ከዚያኛው ቢጫ ይልቅ ለዓይን የሚያሞቅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጸሐፊው ይህን ሳይለዩ «በሰሜን በኩል መስኮት ያለው ክፍል ቢጫ መቀባት አለበት» የሚል ደንብ ማስቀመጣቸው ተጨማሪ ችግር አለው። ደንቡ የተወለደው ፀሐይ ዓመቱን በሙሉ በደቡብ በኩል በምታልፍበት፣ ከምድር ወገብ ርቆ በሰሜን በሚገኝ አገር ነው። ከምድር ወገብ ርቆ በደቡብ ለሚኖር ሰው ደንቡ ተገልብጦ የደቡቡ መስኮት ጥላ ይሆናል፤ በምድር ወገብ አካባቢ ለሚኖር ደግሞ ፀሐይ ከዓመቱ ከፊሉን በሰሜን፣ ከፊሉን በደቡብ ስለምታልፍ አንዱም አይሠራለትም። አቅጣጫን ከመሸምደድ ይልቅ በመስኮቱ የሚገባው ቀጥተኛ የፀሐይ ጨረር ነው ወይስ ከሰማይ ብቻ የሚመጣ ብርሃን ነው ብሎ በዓይን ማየት ይሻላል።

ከሰማይ ብቻ የሚመጣው ብርሃን ሰማያዊነት አለው፤ ቢጫ ቀለም ላይ ሲያርፍም ጸሐፊው እንደሚሉት ፀሐይ የወጣችበት አያስመስለውም። የእኔ የማንበቢያ ክፍል ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም። «ፀሐይ ለሌለው ክፍል ቢጫ» የሚለውን ያንኑ ምክር ሰምቼ ፈዛዛ ቢጫ ቀባሁት፤ በመስኮቱ አካባቢ ደህና ነበር፤ በማዕዘኖቹና ከመደርደሪያው በላይ ጥላ በሚያርፍበት ቦታ ግን ቢጫው ወደ አመዳማ አረንጓዴ ዞሮ ታየኝ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ቢጫ ሲጠቁር የጠቆረ ቢጫ ሆኖ አይታይም፣ እንደ ወይራ ቅጠል ወዳለ አረንጓዴነት ያደላል። ቢጫና ጥቁር ቀለም ቀላቅሎ የሞከረ ሠዓሊ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሰማያዊ ግን ጥላ ሲያርፍበት የጠቆረ ሰማያዊ ሆኖ ይቀጥላል፤ ማንነቱን አይቀይርም። ቀለም የመጣለትን ብርሃን ከፍሎ ይመልሳል እንጂ ያልመጣለትን ፈጥሮ አይሰጥም።

ሁለተኛው ነጥብ ጸሐፊው ከሁሉ የበለጠ ትክክል የሆኑበት ነው፤ ሆኖም ግማሹን ብቻ ነግረውናል። በቀለም ሥራ ውስጥ ያሉ ሰዎች አንድ ቀለም ካረፈበት ብርሃን ምን ያህሉን እንደሚመልስ ከ0 እስከ 100 በሚሄድ መለኪያ ይገልጹታል። ንጹሕ ነጭ የግድግዳ ቀለም ከ80 በላይ ይደርሳል፤ ፈዛዛ ቢጫ 75 አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ ጥቁር ሰማያዊ ግን ብዙ ጊዜ ከ10 በታች ነው። ልዩነቱ በአንድ ግድግዳ ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም፤ ብርሃን በክፍል ውስጥ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ይሄዳልና። 75 የሚመልስ ግድግዳ ላይ 100 እጅ ብርሃን ቢያርፍ 75 ይመለሳል፤ ያ ሌላውን ግድግዳ መትቶ 56፣ ሦስተኛው ላይ 42 ሆኖ ይቀጥላል። 8 የሚመልስ ሰማያዊ ላይ ያረፈው 100 ግን መጀመሪያ 8 ይሆናል፤ በሁለተኛው ከ1 በታች ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የለም ማለት ይቻላል። ወለሉ፣ ኮርኒሱ፣ መጋረጃውና የቤት ዕቃው ስሌቱን ያለዝቡታል፤ ቢሆንም አራቱም ግድግዳዎች ጥቁር ሰማያዊ የሆኑበት ክፍል በአንድ የኮርኒስ አምፖል ፈጽሞ አይበራም። መብራቱ ወደሚሠራበት ቦታ፣ ማለትም ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ ወንበሩ ጎንና ወደ መደርደሪያው መቅረብ አለበት። ይህን ማድረግ የማይፈልግ ሰው ሰማያዊውን ባይቀባ ይሻለዋል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ያልነገሩን ግማሽ ይህ ነው፦ ብርሃን በነጠረ ቁጥር ቀለም ይጨምራል። ፈዛዛ ቢጫ የሚመልሰው ሁሉንም የብርሃን ዓይነት እኩል አይደለም። ለምሳሌ ያህል ከቀይና ከአረንጓዴው ብርሃን 80 በመቶውን፣ ከሰማያዊው ደግሞ 45 በመቶውን ይመልሳል እንበል። በመጀመሪያው ነጸብራቅ 80 ለ45 ነው፤ ይህ ገር የሆነ ቢጫ ነው። በሁለተኛው 64 ለ20 ይሆናል፤ በሦስተኛው 51 ለ9። ወደ ማዕዘኑ የሚደርሰው ብርሃን ሁለት ሦስት ጊዜ የነጠረ ስለሆነ፣ በካታሎጉ ላይ ለስላሳ የነበረው ቢጫ አራቱም ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ከታሰበው እጅግ የጠነከረ ሆኖ ይገኛል። «ያዘዝኩት ይህን አልነበረም፣ ቀለሙ ተሳስቷል» የሚል ቅሬታ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ በቢጫና በብርቱካናማ ቀለሞች ላይ ነው፤ ቀለሙ ግን ልክ የታዘዘው ነው። ጥቁር ሰማያዊ ሁለተኛ ጊዜ የሚነጥር ብርሃን ስለማይተርፈው ከናሙናው ብዙም ሳይርቅ ይቀመጣል። ቢጫ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ከወደደው ናሙና ይልቅ ፈዘዝ ያለና ትንሽ ግራጫ የነካው ቢጫ ቢመርጥ፣ የሚያገኘው ያንኑ የወደደውን ይሆናል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። ከግድግዳው የሚነጥረው ቢጫ ብርሃን ሰው ላይም ያርፋል። መስተዋት ባለበት ክፍል፣ ሰው ፊቱን በሚያይበትና በሚኳልበት ቦታ፣ ጠንካራ ቢጫ ግድግዳ ጤነኛውን ሰው የታመመ ያስመስለዋል። ጥቁር ሰማያዊ በአንጻሩ የሚመልሰው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ የፊትን መልክ ያን ያህል አይነካም። ጸሐፊው ቢጫው «በሁሉም ረገድ» ይበልጣል ሲሉ ይህን ከግምት ያስገቡ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ነጥብ ጥቁር ቀለም ክፍልን ያጠባል የሚለው ነው። በጥቅሉ ፈዛዛ ግድግዳ ክፍሉን ሰፋ አድርጎ ያሳያል፤ ይህን አልክድም። ጸሐፊው ግን ከዚህ አልፈው፣ ኮርኒሱ ከፍ ብሎ እንዲታይ በግድግዳውና በኮርኒሱ መካከል የግድ ልዩነት መኖር አለበት ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የእይታ ጥናት ይህንኑ የተለመደ አባባል ፈትኖት፣ ለከፍታ የሚያግዘው የሁለቱ ልዩነት ሳይሆን የየራሳቸው ፍካት መሆኑን አግኝቷል፤ የፈዘዘ ኮርኒስም የፈዘዘ ግድግዳም እያንዳንዱ በራሱ ከፍታውን ይጨምራል። የጥቁር ቀለም ነገር ከዚህ የተለየ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ግድግዳ ላይ የማዕዘን መስመሮች ይጠፋሉ፤ ዓይን ግድግዳው የት እንደሚያበቃ በቀላሉ አይለይም። ክፍሉን አጥብቦ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ነጩ ጠርዝ ነው። በጥቁር ግድግዳና በነጭ ኮርኒስ መካከል የሚፈጠረው ስለታም መስመር፣ እንዲሁም በግድግዳው ግርጌ የሚዞረው ነጭ ዞኮሎ፣ የክፍሉን ልክ በእርሳስ እንደ ማስመር ነው። ዞኮሎውና የበሩ ፍሬም በዚያው ሰማያዊ ቢቀቡ ትንሿ ክፍል የጠበበች ሳትሆን የተሸሸገች ትመስላለች፤ ለማንበቢያ ወይም ለመኝታ ይህ ጉድለት አይደለም።

በዚህ ነጥብ ላይ ጥቁር ቀለም በእርግጥ የሚጎዳበትን አንድ ቦታ ጸሐፊው ሳይጠቅሱት አልፈዋል፤ እርሱም መስኮቱ ያለበት ግድግዳ ነው። ያ ግድግዳ ብርሃን ከኋላው ስለሚመጣ ራሱ ጥላ ውስጥ ነው። በጥቁር ሰማያዊ ሲቀባ በመስኮቱና በዙሪያው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት እጅግ ስለሚሰፋ ዓይን ይቸገራል፤ መስኮቱ ያንጸባርቃል፣ ግድግዳው ጉድጓድ ይመስላል። ሰማያዊው ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ሲሆን ግን ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚያርፍበት ቀለሙ ቀለም ሆኖ ይታያል። በእኔ ክፍል ዛሬ ያለው ይኸው ነው።

አራተኛው ነጥብ፣ ቢጫ ደስታን ሰማያዊ ትካዜን ያመጣል የሚለው፣ በድፍረት የተነገረ በመሆኑ ትንሽ ልቆይበት። ቀለም የሰውን ስሜት አይነካም አልልም። ነገር ግን «ይህ ቀለም ይህን ስሜት ያመጣል» የሚል ቀጥተኛ ሕግ ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ሲያትል በሚገኝ የባሕር ኃይል ማረሚያ ቤት የአንድ ክፍል ግድግዳ ደመቅ ባለ ሮዝ ተቀብቶ፣ እስረኞችን ያረጋጋል ተብሎ ተዘገበ። ቀለሙም በማረሚያ ቤቱ ኃላፊዎች ስም ቤከር ሚለር ሮዝ ተብሎ በብዙ እስር ቤቶች ተቀባ። በኋላ በጥንቃቄ የተደረጉ ሙከራዎች ግን የተባለውን የማረጋጋት ኃይል ማረጋገጥ አልቻሉም። በአንድ ክፍል የታየ ለውጥ ከአዲስ ቀለም፣ ከተለየ ትኩረት ወይም ከሌላ ምክንያት ሊመጣ ይችላል፤ ቀለሙን ብቻ ነጥሎ ማመስገን አይቻልም።

የሰማያዊና የትካዜ ዝምድና ደግሞ ከእንግሊዝኛ አነጋገር የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋ የቀለሙ ስም ለትካዜም ይውላል። እኛ ሰማያዊ ስንል ሰማይን ጠርተን ነው፤ በቋንቋችን ያው ቃል ከላይ የሆነውን፣ መንፈሳዊውንም ይገልጻል። የሌላ ቋንቋ አነጋገር ወስዶ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ለአማርኛ አንባቢ ማቅረብ ትክክል አይመስለኝም። ቀለም በአንድ ሰው ላይ የሚያመጣው ስሜት ሰውየው ያደገበትን ቤት፣ የለበሰውን ዩኒፎርም፣ የተኛበትን የሆስፒታል ክፍል ሁሉ ያስታውሳል፤ ይህን የሚያውቀው በክፍሉ የሚኖረው ሰው ብቻ ነው።

አምስተኛው ነጥብ፣ ለመወሰን ካታሎግ ይበቃል የሚለው፣ ለእኔ የጽሑፉ ከባዱ ስሕተት ነው። በካታሎጉ ላይ ያለው ቁራጭ ከጣት ብዙም አይሰፋም፤ ዙሪያው ነጭ ነው፤ ከላይና ከታች ዘመዶቹ ተደርድረዋል። የሱቁ መብራት ከቤቱ መብራት ጋር አንድ አይደለም። ማታ በቤት ውስጥ የሚበራ ቢጫማ አምፖል የብርሃን ሙቀቱ፣ ማለትም ብርሃኑ ምን ያህል ቢጫማ ወይም ነጭ እንደሆነ የሚገልጸው ልክ፣ 2700 ኬልቪን አካባቢ ሲሆን፣ ነጣ ያለው የሥራ ቦታ መብራት 4000፣ የቀን ብርሃን አስመሳዩ ደግሞ እስከ 6500 ይደርሳል። በዚህ ላይ አምፖሎች ቀለምን በትክክል የማሳየት አቅማቸው ይለያያል፤ ከ100 በሚሰጠው መለኪያ 80 ያለውና ከ90 በላይ ያለው አምፖል አንዱን ግድግዳ ሁለት መልክ ሊሰጡት ይችላሉ። በአንድ መብራት ሥር አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች በሌላው ሥር የሚለያዩበት ጊዜም አለ። የመጋረጃውን ጨርቅና የግድግዳውን ቀለም ሱቅ ውስጥ አመሳስሎ ገዝቶ፣ ቤት ሲገባ ሳይገጥሙለት የቀረ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ለእነዚህ ሁለት ቀለሞች የማታው መብራት ልዩ ትርጉም አለው። በ2700 ኬልቪን አምፖል ሥር ፈዛዛ ቢጫ ከነጭ ሊለይ አይችልም ማለት ይቻላል፤ መብራቱ ሁሉን ነገር ቢጫ ስለሚያደርግና ዓይንም ያንን እንደ ነጭ ስለሚቀበል፣ የግድግዳው ቢጫነት ይሟሟል። ቀኑን ሥራ ውሎ ማታ ብቻ ሳሎኑን የሚያይ ሰው የቢጫውን ውበት አስቦ ቀብቶ፣ በእርግጥ የሚኖረው ግን በነጭ ክፍል ነው። ጥቁር ሰማያዊው ደግሞ በዚያው አምፖል ሥር የሚመልሰው ሰማያዊ ብርሃን ስለሚያጣ ወደ ጥቁር ይጠጋል። ዕድሜው በገፋ ሰው ይህ ይበረታል፤ የዓይን ሌንስ ከዕድሜ ጋር እየቢጨ ስለሚሄድ ሰማያዊ ብርሃንን ያስቀራል፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር አንድ ይሆኑበታል። አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት በጥቁር ሰማያዊ ግድግዳ ላይ የመብራት ማብሪያውና የበሩ ፍሬም ፈዘዝ ባለ ቀለም ተለይተው ቢታዩ መልካም ነው፤ ዞኮሎንና ፍሬምን ስለማመሳሰል ቀደም ብዬ ያልኩት እዚህ ቤት አይሠራም።

ታዲያ በምን ይፈተን? ሁለት ሁለት ሰሌዳ ለእያንዳንዱ ቀለም ይዘጋጅ፤ ኮምፔንሳቶም ሆነ ወፍራም ካርቶን፣ ቁመቱ 1 ሜትር አካባቢ ቢሆን ይበቃል። እያንዳንዱ ሁለት እጅ ይቀባ፤ አንድ እጅ የሥሩን ቀለም ስለሚያሳልፍ አያስፈርድም። እስኪደርቅ ይጠበቅ፤ በውሃ የሚበጠበጠው ቀለም እርጥብ ሳለ ፈዘዝ ብሎ ሲደርቅ የሚጠቁር ነውና። ከዚያ የአንዱ ቀለም ሁለት ሰሌዳዎች በማዕዘን ላይ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ተገጣጥመው ይቁሙ፤ ቀደም ብዬ ያስረዳሁት የብርሃን መንጠር የሚታየው በዚህ አቋቋም ብቻ ነው። ሰሌዳው መቆም አለበት፤ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ናሙና ከላይ የሚወርደውን ብርሃን ስለሚቀበል ከግድግዳው ይልቅ ፈክቶ ይታያል። ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ አመሻሽና መብራት በርቶ ይታይ። ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ቢጫው በቆመበት ቀን ሰማያዊው ከክፍሉ ይውጣ። በማግስቱ ይቀያየሩ። አሮጌው ግድግዳ ላይ በቀጥታ ቁራጭ ቀለም መቀባትም አይመከርም፤ የአሮጌው ቀለም ጎረቤትነት ያንኑ የሸቭረልን ችግር ይመልሰዋል።

የቀለሙ አንጸባራቂነትም በናሙናው ላይ ግድግዳው ላይ እንደሚቀባው ይሁን። ደብዛዛ ጥቁር ሰማያዊና አንጸባራቂ ጥቁር ሰማያዊ ሁለት የተለያዩ ቀለሞች ያህል ይራራቃሉ፤ አንጸባራቂው ጥልቅ ይመስላል፣ ግን የስቱኮውን ጉድለት ሁሉ ያጋልጣል፤ ደብዛዛው ጉድለትን ይሸፍናል፣ ነገር ግን እጅ ወይም የወንበር መደገፊያ የነካው ቦታ ተፈትጎ ያበራል።

ስድስተኛው፣ ግድግዳዎቹን እኩል ማካፈል፣ ረጅም መልስ አይፈልግም። ሁለት ተቃራኒ ቀለሞች እኩል ቦታ ሲይዙ አንዱ ለሌላው ዳራ መሆን ስለማይችል ዓይን ማረፊያ ያጣል። በአስጌጮች ዘንድ የተለመደው 60፣ 30፣ 10 የሚባለው ድርሻ (60 በመቶ ዋናው ቀለም፣ 30 ሁለተኛው፣ 10 ሦስተኛው) የተፈጥሮ ሕግ ባይሆንም አንድ እውነት ይዟል፤ አንዱ ይምራ፣ ሌላው ይከተል። ቢጫው የሚመራ ከሆነ ሰማያዊው በአንድ መደርደሪያ ጀርባ ወይም በአንድ በር ላይ ቢውል ይበቃዋል፤ ያኔ ጸሐፊው በሥዕላቸው ላይ የወደዱት ተቃርኖ በእርግጥም በክፍሉ ውስጥ ይኖራል።

የመጨረሻው ነጥብ መልሶ መቀባት ቀላል ነው የሚለው ነው። ቀላልነቱ ለሁለቱ እኩል አይደለም። በፈዛዛ ቢጫ ላይ ጥቁር ሰማያዊ መቀባት ለሚፈልግ ሰው፣ ሰማያዊው ብርሃንን ስለሚውጥ የሥሩን ይሸፍነዋል፤ ግራጫ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) ከተቀባለት ሁለት እጅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በጥቁር ሰማያዊ ላይ ፈዛዛ ቢጫ መቀባት ግን ሌላ ሥራ ነው። ፈዛዛ ቀለም የሚሸፍነው በውስጡ ባለው ነጭ፣ ማለትም በቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ብርሃንን በመበተን ነው፤ ከሥሩ ብርሃን የሚውጥ ጥቁር ነገር ካለ በስሱ ባለፈበት ሁሉ ይታያል፣ ቢጫውንም ወደ አረንጓዴ ይጎትተዋል። ደመቅ ያለ ቢጫ ከሆነ ደግሞ የነጩ ድርሻ ስለሚቀንስና ብዙዎቹ ደማቅ ቢጫ ማቅለሚያዎች ብርሃን አሳላፊ ስለሆኑ አራተኛ እጅም ላይበቃው ይችላል። እንዲህ ያለውን ግድግዳ መጀመሪያ በነጭ ፕራይመር አንዴ፣ ካስፈለገም ሁለቴ፣ መዝጋት የግድ ነው። የሮለር ዱካና የተንጠባጠበ ቀለም ካለም በአሸዋ ወረቀት መስተካከል ይኖርበታል።

ስለዚህ ሰሌዳዎቹን አቁሞ ለቀናት ካየ በኋላም በሁለቱ መካከል መቁረጥ ላልቻለ ሰው፣ እኔም እንደ ጸሐፊው በቢጫው ይጀምር እላለሁ። ምክንያቴ ግን ቢጫው ስለሚሻል አይደለም፤ ከቢጫ ወደ ሰማያዊ መሻገር የሁለት ቀን ሥራ ሲሆን፣ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ መመለስ ግን ከዚያ እጥፍ ድካም ስለሚጠይቅ ነው። ቢጫውንም ከመስኮቱ ትይዩ ባለው አንድ ግድግዳ ላይ ብቻ ቀብቶ አንድ ወር ቢኖርበት፣ ሌሎቹን ሦስቱን ነጭ አድርጎ ቢተዋቸው፣ ቀጣዩን ቆርቆሮ ከመክፈቱ በፊት የትኛውን እንደሚከፍት ያውቃል።